የኬን ቡካናን ፍልሚያዎች ያሉበት ዲቪዲ፦ ግዙት

ስኮትላንድ ውስጥ በኤድንብራ ከተማ፣ ሊዝ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ በ3 ፓውንድ ገዛሁት። ሽፋኑ ተሰንጥቋል፤ ከሁሉ የከፋው ግን በመጀመሪያው ፍልሚያ ድምፁ ከምስሉ ወደኋላ መቅረቱ ነው። ሻጩ «ምንም እንከን የለውም» ስላለኝ ቅር ብሎኛል። ቢሆንም አልመልሰውም።

ያ የመጀመሪያው ፍልሚያ እ.ኤ.አ. በ1970 ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ሳን ሁዋን ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ የተደረገ ነው። የኤድንብራው አናጢ ቦክሰኛ ቡካናን የፓናማውን እስማኤል ላጉናን 15 ዙር ገጥሞ በቀላል ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የብሪታንያ የቦክስ ቦርድ ግን ለዚያ ድል ዕውቅና ነፈገው! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ዲቪዲውን የምወደው በ1972ቱ የኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ፍልሚያ ነው። 13ኛውን ዙር ስድስት ጊዜ ወደኋላ እየመለስኩ አይቻለሁ። ደወሉ ይደወላል፤ የተጋጣሚው የፓናማዊው ሮቤርቶ ዱራን እጅ ግን አያቆምም፤ ቡካናን ባለዳማ ቁምጣውን ከወገቡ በታች ጨብጦ ይወድቃል፤ ፊቱ በሕመም ይጨማደዳል። ዳኛው ጆኒ ሎቢያንኮ ቡካናን መቀጠል አይችልም ብሎ ድሉን ለዱራን ሰጠ። ዱራን በነጥብ ይመራ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን የሻምፒዮንነት ቀበቶ እንዲህ አይወሰድም፤ ቡካናን የመልስ ግጥሚያም በሕይወቱ ሙሉ አላገኘም።

ቦክስ የሚወድ ሰው የቡካናንን የግራ እጅ ቀጥተኛ ቡጢ ለማየት ብቻ እንኳ ይግዛው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ድምፁን ስሙ።