ጣሪያዬን በኮምፒውተር አፍርሳ ለሠራችልኝ አርክቴክት ምስጋና

ጅማ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ከግድግዳው ይልቅ ስለ ጣሪያው አብዝቶ እንደሚጨነቅ የከተማችን ነዋሪ ያውቀዋል። ዝናቡ በበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ማለቂያ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይዘልቃል፤ በዓመት የሚወርደውም ከ1,400 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በዚህ ላይ ጣሪያውን በሦስት ቦታ ቀዶ መስኮት ላውጣበት ብሎ የተነሣ እንደ እኔ ያለ ሰው፣ ሥራውን በትክክል የሚያውቅ ባለሙያ ካላገኘ የሚጠብቀው ኮርኒሱን በየዓመቱ መቀየር ነው። እኔ ባለሙያዋን አግኝቻለሁና በአደባባይ ላመሰግናት፣ ተመሳሳይ ሥራ ላላቸውም ልጠቁማት እወዳለሁ።

ቤቴ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ በኩል የሚገኝ፣ እንደ ክርን የታጠፈ ቤት ነው። ዋናው ክንፍ 10 ሜትር፣ አጭሩ ክንፍ ደግሞ 7 ሜትር ስፋት አላቸው። ሁለቱም የተከደኑት በ30 ዲግሪ ተዳፋት ስለሆነ የጣሪያዎቹ አናት እኩል አይደለም፤ የዋናው ክንፍ አናት ከግድግዳው ጫፍ 2 ሜትር ከ89 ሳንቲ ሜትር ሲነሣ የአጭሩ 2 ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይነሣል። ከጣሪያው ሥር ልጆቼ የሚያጠኑበት ክፍል እንዲኖር ስለፈለግሁ ሦስት ዶርመር እንዲወጣ አዘዝሁ። ቃሉን ለማያውቁት፣ ዶርመር ማለት ከተዳፋቱ ጣሪያ መካከል የራሱን ግድግዳና የራሱን ትንሽ ጣሪያ ይዞ ብቅ የሚል መስኮት ነው፤ ከጣሪያ ሥር ላለው ክፍል ብርሃንም፣ ቆሞ ለመሄድ የሚበቃ ቁመትም ይሰጣል።

ሥራውን መጀመሪያ የያዘው ሰው፣ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ እጅግ የሚያምር ባለ ቀለም ምስል አመጣልኝ። ምስሉን ለጎረቤት ሁሉ አሳይቼ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል። ዋናው አናጢያችን ግን ወረቀቱን ትክ ብሎ ካየ በኋላ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «የመስኮቱ የጎን ግድግዳ የሚያርፈው ምን ላይ ነው?» እኔ መልስ አልነበረኝም፤ ምስሉን የሠራውም ሰው «ሳይት ላይ ይስተካከላል» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ቆርቆሮውን የሚሸከመው ተዳፋት እንጨት፣ ወራጁ፣ ተቆርጦ፣ ቆርቆሮውም ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ይህ «ይስተካከላል» የሚሉት ቃል ስንት ብር ያስወጣኝ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

አርክቴክቷን የጠቆመኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ፋይሉን፣ ሬቪት በሚባለው የሕንፃ መንደፊያ የኮምፒውተር ፕሮግራም የተሠራ መሆኑን ነግሬ፣ ላክሁላት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ፋይሉን በመክፈት ብቻ አለፉ፤ ሬቪት በአዲስ እትም የተቀመጠን ሥራ በአሮጌው እትም አይከፍትምና ከእርሷ ዘንድ ያለው እትም አልተቀበለውም ነበር። ይህን የምጽፈው ፕላን የምታሠሩ ሰዎች ፋይሉ በየትኛው ዓመት እትም እንደተቀመጠ አስቀድማችሁ እንድትጠይቁ ነው።

ፋይሉ እንደተከፈተ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ያንን የሚያምር ምስል መዝጋት ነበር። ቤቱን ልክ በዶርመሩ መካከል አቋርጣ የሚያሳይ የቁርጥ ስእል አወጣችና «ጋሼ፣ ይህችን መስመር ይመልከቱ» አለችኝ። የመስኮቱ ግንባር ከግድግዳው መስመር 1 ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። በዚያ ቦታ ዋናው ጣሪያ ቀድሞውኑ 87 ሳንቲ ሜትር ተነሥቷል። በላዩ 1 ሜትር ከ60 የመስኮት ግንባር፣ በዚያም ላይ 2 ሜትር ከ40 ስፋት ያለው ትንሽ ጣሪያ በ30 ዲግሪ ሲከደን የሚጨምረው 69 ሳንቲ ሜትር ሲደመር 3 ሜትር ከ16 ይሆናል። የዋናው ጣሪያ አናት ደግሞ 2 ሜትር ከ89 ነው። ትንሹ ጣሪያ ከትልቁ አናት 27 ሳንቲ ሜትር በልጦ አየር ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ የሚያርፍበት ተዳፋት የለውም። ሬቪት ውስጥ የአንዱን ጣሪያ ጠርዝ ከሌላው ጣሪያ ገጽ ጋር የሚያገናኘው «ጆይን ሩፍ» የተባለው መሣሪያም እምቢ ያለው በዚህ ምክንያት ነበር። የቀደመው ሰው መሣሪያው እምቢ ሲለው ምክንያቱን እንደ መፈለግ ጣሪያውን እንዲሁ አስጠግቶ ትቶታል፤ ከሩቅ ሲታይ የተገናኘ ይመስላል።

እርሷ የመስኮቱን ግንባር ወደ ግድግዳው መስመር አቅርባ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ አቆመችው፤ ቁመቱንም ወደ 1 ሜትር ከ40 ዝቅ አደረገችው። እንዲህ ሲሆን የትንሹ ጣሪያ አናት 2 ሜትር ከ44 ላይ ይቀራል፤ ከዋናው አናት 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በተዳፋቱ ላይ በደንብ ያርፋል። ከዚያ በኋላ የሠራችውን ከጎኗ ተቀምጬ ስለተመለከትሁ በቅደም ተከተል ልናገር እችላለሁ። በመጀመሪያ የዶርመሩን ሦስት ግድግዳዎችና ትንሹን ጣሪያ ለብቻቸው ሠራች፤ ጣሪያውን ከዋናው ጋር አገናኘች፤ የግድግዳዎቹን ራስ ከትንሹ ጣሪያ፣ እግራቸውን ከዋናው ጣሪያ ጋር አጣበቀች። የአናጢው ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ «ዶርመር ኦፕኒንግ» በሚባለው መሣሪያ ዋናውን ጣሪያ ቀደደች። እይታውን ወደ ዋየርፍሬም ለውጣ፣ ማለትም ሁሉንም ነገር እንደ ሽቦ አሳላፊ አድርጋ፣ የቀዳዳውን ድንበር ስትመርጥ የግድግዳዎቹን ውጫዊ ገጽ ሳይሆን ውስጣዊውን ገጽ ነበር የነካችው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ከውጭው ከተቀደደ ግድግዳው የቆመበት ጣሪያ ከሥሩ ተቆርጦ እንደሚወጣ አስረዳችኝ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ያሳለፍሁት በማስተማር ነው፤ ሥራዋን እየሠራች ለማያውቅ ሰው እንዲህ ማስረዳት የምትችል ባለሙያ ግን ብዙ አላጋጠመችኝም።

ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው ዶርመር ነበር። በቀድሞው ፕላን የተቀመጠው ሁለቱ ክንፎች በሚጋጠሙበት እጥፋት ላይ ነው። በዚያ እጥፋት የሁለት ጣሪያ ውኃ ተሰብስቦ ይወርዳል፤ መስኮቱ እዚያ ቢቆም የሐምሌው ጎርፍ የሚያርፈው በጎኑ ግድግዳ ላይ ይሆን ነበር። በፕሮግራሙም ቢሆን ትንሹ ጣሪያ በሁለት የተለያዩ ተዳፋቶች ላይ በአንድ ጊዜ እንዲያርፍ ስለሚጠየቅ ሥራው የተወሳሰበ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በግድ ያገጣጥመው ነበር ብዬ አምናለሁ። እርሷ ግን «ኮምፒውተሩን ማሳመን እችላለሁ፤ ዝናቡን ግን አላሳምነውም» ብላ፣ መስኮቱ ከእጥፋቱ እንዲርቅ፣ ዓይነቱም እንዲለወጥ ሐሳብ አቀረበች። ቅር ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም፤ ከመንገድ ሲታይ ሦስቱም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ነበር የፈለግሁት።

አሁን ያለው ሦስተኛው ዶርመር ከውጪው ግድግዳ ጋር በአንድ መስመር የሚወጣ፣ ከክፈፉ፣ ማለትም ከጣሪያው የታችኛው ጠርዝ፣ የሚጀምር ነው። ለዚህ ዓይነቱ የተለየ ጣሪያ መሥራትም መቅደድም አላስፈለጋትም። የአጭሩን ክንፍ የጣሪያ ንድፍ ከፈተችና የክፈፉን መስመር ከፋፈለችው፤ ከመካከል ያሉትን ሁለት ቁራጮች ተዳፋት እንዳይኖራቸው አድርጋ፣ ከግራና ከቀኝ ተነሥተው መሐል ላይ አፍ ለአፍ የሚገጥሙ ሁለት የተዳፋት ቀስቶች፣ «ስሎፕ አሮው» የሚሏቸውን፣ አኖረች። ንድፉን ስትዘጋው ጣሪያው ራሱ እንደ ድንኳን ብድግ አለ። ቁመቱ ከሁለቱ ያነሰ ቢሆንም የሚያበራው ለደረጃው ብቻ ስለሆነ በቂ ነው፤ የውኃው እጥፋትም ነጻ ወጣ።

ሥራዋን ካስረከበች በኋላ የክፍያዋን ቀሪ ተቀብላ መሄድ ትችል ነበር። ነገር ግን ግንባታው ቦታ ድረስ መጥታ፣ የሦስቱን ዶርመሮች ቁርጥ ስእል በትልቅ ወረቀት አሳትማ፣ ለአናጢው በኦሮምኛ አንድ በአንድ አስረድታዋለች። አናጢው ወራጆቹ የሚቆረጡበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ እርሷም ከቀዳዳው በግራና በቀኝ ያሉት ወራጆች ድርብ እንዲሆኑ አሳሰበችው። የጎን ግድግዳው ከዋናው ጣሪያ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላሜራው ከቆርቆሮው ላይ አልፎ ግድግዳው ላይ እንዲወጣ፣ የላይኛው ሁልጊዜ በታችኛው ላይ እንዲደረብም አስጠነቀቀች። አናጢው እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣልኝ እኔም እጄ አይንቀጠቀጥም» ብሎኛል። የአንድ ሰኔና ሐምሌ ዝናብ ሙሉ ወርዶበት፣ ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ከሦስቱ በአንዱም በኩል ጠብታ አልገባም።

ጥቆማዬ ሐቀኛ እንዲሆን ሌላውንም ልናገር። ሥራዋ ፈጣን አይደለም፤ ሁለት ሳምንት የተባለው ወር ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ከተስማማን በኋላ ሐሳቤን በለወጥሁ ቁጥር ተጨማሪ ክፍያ ጠይቃኛለች፤ በጊዜው ብናደድም አሁን ትክክል እንደነበረች ይገባኛል። የመዋቅር ስሌቱንም አትሠራም፤ የጣሪያውን ጭነት ያሰላው ሌላ መሐንዲስ ነው፤ እርሷም ይህን ገና ከመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጅማና አካባቢዋ ውስጥ ክንፍ ያለው፣ የታጠፈ፣ ከፍታው የሚበላለጥ ጣሪያ ላይ ዶርመር ለማውጣት ያሰባችሁ፣ ወይም ደግሞ ምስሉ አምሮ አናጢው ያልገባው ፕላን በእጃችሁ ያለ ወገኖች በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ምስሉን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ፋይል፣ የእያንዳንዱን ክንፍ ስፋትና የምትፈልጉትን የተዳፋት ዲግሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነዚህን ነው።