የመንዝ ባና ለጓሳ ብርድ

መንዝ ውስጥ ካለው መሐል ሜዳ ገበያ የገዛሁትን ባና፣ ማለትም ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ እዚያው መንዝ ባለው የጓሳ ደጋ ላይ ድንኳን ውስጥ ስላደርኩበት፣ ልትገዙ ላሰባችሁ የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይነሣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነው። አዲስ አበባ የተከራየሁት ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) «እስከ ዜሮ ዲግሪ» ይላል። ቁጥሩ ግን የሚለካው ከሥር ደህና ምንጣፍ አለ ተብሎ ነው። አከራዩ አብሮ የሰጠኝ ስፖንጅ ደግሞ ከነጠላ ብዙም አይወፍርም!

ባናው ያወጣሁበትን ገንዘብ የመለሰልኝ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ከላይ ይደርበዋል፤ እኔ ሁለት ቦታ አጥፌ አነጠፍኩት። የስሊፒንግ ባግ ሙሌት ሰው ሲተኛበት ተጨፍልቆ አየር መያዝ ያቆማል፣ ያኔ መሬቱ ሙቀታችሁን ይመጠዋል። የመንዝ በግ ፀጉር ሸካራ ስለሆነ በቀላሉ አይጨፈለቅም፣ ትንሽ ቢረጥብም ይሞቃል። ጎኔን ሳይበርደኝ ነጋ። የአጎቴ ልጅ ጋቢውን አንጥፎ ነበር፤ ጥጥ ርጥበት ስለሚጠጣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ሰማሁት። ጋቢ ደረቅ ሆኖ ከላይ ሲደረብ ማን ይጠላዋል?

ችግሩንም ልናገር። ይኮሰኩሳል፤ ባዶ ገላ ላይ አይሞከርም። ሲረጥብ ሽታው ድንኳኑን ይሞላዋል። በሙቅ ውሃ ካጠባችሁት ይኮማተራል፣ ስለዚህ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ማራገፍ ይሻላል። ክብደቱንማ አታንሡት።

ስትገዙ ሰው ሠራሽ ክር እንዳይቀላቀልበት አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱ። የበግ ፀጉር እንደተቃጠለ ፀጉር ሸትቶ በጣት የሚፈርስ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሠራል። ነጋዴዋን ይህን ስጠይቃት «ኧረ ልጄ፣ እሳት ይዘህ ነው ገበያ የምትወጣው?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ከጫፉ ክሩን መዝዛ የሰጠችኝ ግን ራሷ ናት።

ወደ ሰሜን ተራሮች ለምትሄዱ፣ ዕቃችሁን በቅሎ ስለሚሸከምላችሁ ያለ ሐሳብ ያዙት። በጀርባችሁ ተሸክማችሁ የምትወጡ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ወፈር ያለ ፎም ግዙ።