ትልቁ ፍሬን ከ11 ወር በኋላ

ሙሉ ሰውና ሻንጣ ጭኜ ረጅም ቁልቁለት ስወርድ የፍሬኑ ፔዳል እግሬ ሥር ቀስ እያለ ሰመጠ። የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ማርሽ ቀንሼ፣ ጥግ ይዤ እስክቆም ድረስ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ፍሬኑን ለመቀየር የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

የቀየርኩት የፊቱን ነው። 280 ሚሊ ሜትር የነበረው ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የብረት ሰሃን) 330 ሆነ፤ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ባለአንድ ፒስተኑ ካሊፐር በባለአራት ፒስተን ተተካ። የካሊፐር መያዣው፣ በብረት ሽቦ የተጠለፈው ቱቦና አዲሱ ሸራ አብረው መጡ።

የሚያውቁኝ ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ መኪናው አሁን በአጭር ርቀት ይቆም እንደሆነ ነው። በአንድ ድንገተኛ ፍሬን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የፋብሪካው ፍሬንም ጎማውን እስኪንሸራተት ድረስ መያዝ ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወሳኙ ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት አቅም ነው። ለአጭር ርቀት ሲል ብቻ ይህን የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ጥሩ ጎማ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። የትልቁ ዲስክ ጥቅም ሙቀት መሸከሙ ነው። ፍሬን የመኪናውን የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ያንኑ ቁልቁለት ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ወርጄዋለሁ። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ፔዳሉ ልክ አናት ላይ እንደነበረው ጠንካራ ነው። ለእኔ ይህ ብቻ ይበቃኛል።

ገጠማው ግን ፈትኖናል። እኔና ወንድሜ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ከፍሬን ዘይቱ አየር ብናስወጣም ፔዳሉ አልጠነክር አለ። ጎንበስ ብዬ በባትሪ ሳየው የአየር ማስወጫዋ ብሎን ከካሊፐሩ ግርጌ ናት፤ የግራውን ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ገጥመናቸዋል። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ብሎኗ ከላይ መሆን አለባት። አቀያይረን እንደገና ስንጀምር አረፋው ተንተክትኮ ወጣ፤ ፔዳሉም ጠነከረ። ቀጥሎ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ማላመድ ነበር፤ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ፍጥነትን ከ100 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት 10 ጊዜ ያህል በፍሬን መቀነስ፣ ጨርሶ ሳይቆሙ። የጋለ ሸራ ቆሞ ዲስክ ላይ ከተጫነ አሻራውን ይተዋል፤ መሪው የሚንቀጠቀጠውም ከዚያ በኋላ ነው።

ቅሬታዬ ጥቂት ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ሸራው እስኪሞቅ፣ ይጮኻል። ቸርኬው በሳምንት ውስጥ በጥቁር አቧራ ይሸፈናል። ፒስተኖቹ ብዙ ዘይት ስለሚጠይቁ ፔዳሉ ከድሮው ትንሽ ዝቅ ይላል። ዘይቱንም በዓመት አንዴ ልቀይር ወስኛለሁ፤ ዶት 4 ለሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ የተቀመጠው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ አዲስ ሳለ 230 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥበት ሲጠጣ 155 ድረስ ይወርዳል።

ከመግዛቴ በፊት የአምራቹን የወረቀት ልክ ቆርጬ ቸርኬው ውስጥ ለክቼ ነበር። ባለ16 ኢንቹ አልበቃም፤ በባለ17ቱ በካሊፐሩና በቸርኬው መካከል 4 ሚሊ ሜትር ቀረ። ያልለካሁት መለዋወጫውን ጎማ ነው። በስምንተኛው ወር፣ ሌሊት፣ የፊት ጎማዬ ተነፈሰ፤ መለዋወጫው ካሊፐሩን ነክቶ አልገባ አለ። የኋላውን ፈትቼ ወደ ፊት አመጣሁ፤ መለዋወጫውን ከኋላ ገጠምኩ። አንዱን ጎማ ለመቀየር ክሪኩን ሁለት ጊዜ አነሳሁ፤ ከዚያ ወዲህ መኪናው ውስጥ የእጅ ባትሪና ሁለተኛ ክሪክ አይጠፋም።