ከጅማ ጁባ፦ የወንድሜ ካርቶን

ታናሽ ወንድሜ ጁባ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ውስጥ ሰላም አስከባሪ። «ለአረፋ የጅማ ቡና ካልደረሰኝ አኩርፋለሁ» ብሎ ደወለ። ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ቡና፣ በርበሬና ቆሎ ገዛሁ። እናታችን ካልሆነ ብላ ቅቤ ጨመረችበት።

የላክሁት እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ባለች አንዲት የመልእክት ቢሮ ነው። ስሟ ይቅር። እዚያ የምትሠራው ልጅ ምንም አይወጣላትም። ቅቤውን ገና ስታየው «እትዬ፣ ይሄ በሙቀት ቀልጦ ካርቶኑን ሁሉ ያበላሻል» አለች። እማዬን ማን ያሳምናት? ደውዬ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠኋት፤ ቅቤው ቀረ። ካርቶኑን ቤት በፕላስተር ጠቅልዬ መሄዴ ግን የኔ ጥፋት ነው። ለፍተሻ ተከፈተ፣ እንደገና ታሸገ።

ስለ ቡናው የተማርኩት አለ። ትኩስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚያወጣ ወዲያው ከታሸገ ላስቲኩ ይነፋል። አንድ ሁለት ቀን ማሳደር ነው። ሳይፈጭ ከተላከ ደግሞ መዓዛው ይቆያል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። በ10 ቀን ይደርሳል ተብዬ 5 ሳምንት ፈጀ። አረፋ አለፈ! ስደውል «ገና አዲስ አበባ አልደረሰም» ይሉኛል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እኮ ነው፤ በእግሩ ነው እንዴ የሚሄደው? አድራሻው ላይም ስሙንና ጁባን ብቻ ነበር የጻፍኩት። የተልዕኮውን ስምና የሻለቃውን ቁጥር ጨምሪ ያለኝ የለም።

ቡናው በሰላም ደርሷል። ወንድሜ በሻይ ማፍያ አፍልቶ ጓዶቹን አጠጣ። አሁን ጀበና ላኪልኝ ይላል። ሸክላ ለዚህ ቢሮ አላምንም፤ የሚሄድ ሰው እየፈለግሁ ነው።