ፖሊስ ከፍሎ የሚጠጣባት ሻይ ቤት፣ ደሴ

ስም የላትም። በሩ ላይ በቀለም «ሻይ ቡና ቁርስ» ተብሎ ተጽፏል፣ እሱም ግማሹ ለቋል። ፒያሳ አካባቢ ናት፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ፣ ከጣቢያ ብዙም ሳትርቅ። ከዚህ በላይ አልጠቁምም። ወንበሮቿ ጥቂት ናቸው፣ ይህን አንብቦ ከተማው ሙሉ ቢመጣ እኛ የት ልንቀመጥ ነው? እኛ ስል ፖሊሶች ማለቴ ነው። እኔም አባል ነኝ። ድሮ ኮምቦልቻ ትራፊክ ላይ ነበርኩ፣ አሁን ደሴ ምርመራ ላይ ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ፉል ብቻ አይደለም፤ ከሌሊት ተረኝነት የወጣ ሰው ቤቱ ከመግባቱ በፊት ምን ዓይነት ቦታ ያስፈልገዋል የሚለውም አለበት።

በምግቡ ልጀምር። ፉሉ አሪፍ ነው። ባቄላው በደንብ በስሏል፣ ሽንኩርትና ቃሪያው የሚከተፈው ስታዙ ነው፣ ዳቦው ትኩስ ነው። ረቡዕና አርብ ያለ ቅቤ በዘይት ይመጣል፣ ማንም ሳይጠይቅ። ባለቤቷ ሙስሊም ናቸው፣ የኛን ጾም ግን ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ አንድ ጊዜ በነነዌ እንቁላል ሳዝ «ዛሬ እንኳ ይቅርብህ» ብለው ነው የመለሱኝ። ጨጨብሳው ላይ ቅቤ ይበዛል። ሌሊት ሲዞር ላደረ ሆድ ይከብዳል፣ በልታችሁ ብትተኙ ቃር ነው። ቂንጬው ደህና። ሻዩ ቀረፋና ቅርንፉዱ ልክ ነው፣ ስኳሩ ግን አስቀድሞ ገብቶ ነው የሚመጣው፣ «ቀንሱልኝ» ማለት አለባችሁ፣ በየቀኑ። የጀበና ቡናው እስኪደርስ ትዕግስት ይጠይቃል። ትዕግስታችንን ደግሞ ሌሊቱን ጨርሰነው ነው የምንመጣው።

ትልቁ ነገር ሰዓቷ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በሩ ገርበብ ይላል። ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ጦሳ ላይ ጉም ሲወርድ ሌሊቱ አጥንት ይገባል። በዚያ ሰዓት ትኩስ ነገር የሚሸጥ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም።

ቁርስ ምን ያህል ቁም ነገር ነው ትሉ ይሆናል። አንድ ስልጠና ላይ የፖሊስን የስራ ጭንቀት የሚለካ መጠይቅ አሳይተውን ነበር። ማክሪሪና ቶምሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ ያዘጋጁት ነው፣ በፈረንጆቹ 2006 የወጣ። ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ ስለ ግዳጁ፣ ሌላው ስለ መስሪያ ቤቱ አሰራር፣ እያንዳንዱ 20 ጥያቄ። እኔ የጠበቅኩት ጥይት፣ ሬሳ፣ ወንበዴ ነበር። የመጎዳት ስጋትና ዘግናኝ ነገር ማየት በርግጥ አሉበት። ግን ከጎናቸው ምን ተደርድሯል መሰላችሁ፤ ፈረቃ። ሌሊት ብቻን መስራት። ወረቀት። ድካም። ከቤተሰብ ጋር ጊዜ ማጣት። ሕዝብ የሚሰነዝረው ክፉ ቃል። ሁልጊዜ ስራ ላይ ያለህ መስሎ መሰማት። እና ደግሞ፣ በስራ ላይ ጤናማ ምግብ መብላት። አጠገቤ የተቀመጠው ሳጅን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይኼ ፈረንጅ ደሴ ኖሮ ያውቃል እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። አደጋ ቦታ ቆመህ፣ 907 ተደውሎ አምቡላንሱ እስኪደርስ የተጎዳ ሰው እጅ ይዘህ ከጠበቅክ ሁሉም ይረዳልሃል፣ «እግዜር ያበርታህ» ትባላለህ። ማንም የማይቆጥርልህ ትንንሾቹን ነው።

ኮምቦልቻ እያለሁ ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ከደሴ የሚወርደው፣ ወደ ባቲና ሚሌ የሚወጣው ከባድ መኪና ሁሉ በኛ በኩል ያልፋል። ፀሐይ፣ ጭስ፣ ፊሽካ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ፣ ደሴ ላይ ሰው ጋቢ ለብሶ እኛ ታች ላብ እንጠርጋለን። እሱ ይለመዳል። የማይለመደው ስልኩ ነው። «መንጃ ፈቃድ» ስትለው ስልክ ያቀብልሃል። «አናግረው።» ማንን? «አናግረው ብቻ።» ካላናገርክ እብሪተኛ ነህ፣ ካናገርክ ደግሞ ወዲያ በኩል ያለው ሰው አለቃህን የሚያውቅ፣ ወይም አውቃለሁ የሚል፣ ወይም የአክስትህ ባል ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ትራፊክ መሆን ማለት የልጅህን አስተማሪ ቀጥተህ ማታ የወላጅ ስብሰባ መሄድ ነው።

ምርመራ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት አቅርቡ ይላል። ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ልክ ነው፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው፣ እኔም ብያዝ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ግን ያ ሰዓት የሚቆጥረው መርማሪው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ምስክሩ ሰኞ ገበያ ወርዷል፣ ስልኩ አይነሳም። የሕክምና ማስረጃው አልደረሰም። መኪናዋ ወይ ፓትሮል ላይ ናት ወይ ነዳጅ የላትም። ዐቃቤ ሕጉ «ይህን አሟልተህ ና» ብሎ መዝገቡን መልሶልሃል። ችሎት ቆመህ ተጨማሪ ጊዜ ቀጠሮ ስትጠይቅ «እስካሁን ምን ሰራህ?» ትባላለህ፣ ከኋላህ የተጠርጣሪው እናት ታለቅሳለች፣ ከጎን ተበዳዩ «ጉቦ በልቶ ነው» እያለ ያንሾካሹካል። ያኔ የሰራኸውን ሁሉ ትረሳዋለህ፣ ወላሂ። ሌሊቱን ስታድር ደግሞ የዕለት ሁኔታ መዝገብ አለ፣ የጠፋ መታወቂያ አለ፣ ባልና ሚስት ተጣልተው መጥተው ቃል ልትቀበል ስትል ታርቀው የሚሄዱ አሉ። ወረቀቱ ግን አይታረቅም፣ ተጽፎ መዘጋት አለበት።

እሺ፣ ወደ ቤቷ ልመለስ።

ይህችን ቤት ከሌሎች የሚለያት ፉሉ አይደለም። ገንዘቤን መቀበሏ ነው። ይህ ለሲቪል አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ዩኒፎርም ለብሰህ ካፌ ትገባለህ፣ ማኪያቶ ታዛለህ። ሂሳብ ስትል «ተከፍሏል» ትባላለህ። ማን ከፈለ? አስተናጋጇ በአገጯ ወደ ጥግ ትጠቁማለች፣ አይቼው የማላውቀው ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይሰግድልኛል። አንዳንዴ ባለቤቱ ራሱ «ኧረ ሳጅን፣ ካንተ ደግሞ?» ይላል። በኛ አገር ሻይ መጋበዝ ነውር የለውም፣ ነውሩ አለመቀበሉ ነው። ቆይቶ ግን ስልክ ይመጣል። «የእህቴ ልጅ ሞተሩን ይዘውበት…» ያኔ ያ ማኪያቶ ትዝ ይልሃል። እሱ ባይደውል እንኳ በዚያ ሰዓት አጠገብህ የነበረው ተስተናጋጅ አይቶሃል፣ «በነፃ ነው የሚጠጡት» ተብለህ ተመዝግበሃል። ብትከፍል ኮራ፣ ባትከፍል በላ። ከደመወዝ የተረፈች ሳንቲም ይዤ ለአንዲት ማኪያቶ እንዲህ ስጨነቅ አንዳንዴ ራሴን እታዘባለሁ፣ ግን ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። አንድ ካፌ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ገንዘብ አስቀምጬ ብወጣ አስተናጋጅ መንገድ ድረስ ተልኮ ብሩን ኪሴ ውስጥ ከቶልኝ ተመልሷል፣ ሰው እያየ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አላልፍም።

እዚህ ቤት ይህ ነገር የለም። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። የዋጋ ዝርዝሩ በካርቶን ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ለኮማንደርም ለሊስትሮም አንድ ነው። በቅርብ የተመደበ ኮንስታብል መልሱን ሳይቀበል ሊወጣ ሲል ጠሩት። «ና ልጄ፣ መልስህን ያዝ። የኔና ያንተ ሒሳብ እዚሁ ያልቃል።» ሌላ ሰው «የነሱን እኔ ልክፈል» ቢል «አንተ የራስህን» ይሉታል፣ በትሕትና ነው ግን ድጋሚ አይጠይቃቸውም። እኛ እርስ በርስ ብንጋበዝ አይከለክሉም፣ የአባላት «እኔ ነኝ የምከፍለው» ግብግብ እንደማንኛውም የወሎ ሰው ነው፣ እጅ ጥምዘዛ ያለበት።

ወሬም አይጠይቁም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትናንት ማን ተያዘ፣ ያ ነገር እውነት ነው ወይ፣ እገሌን ስንት ፈረዱበት የሚል ጥያቄ ከየትም ይመጣል፤ ከታክሲ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከፀጉር ቤት። መልስ ብትሰጥ ምስጢር አወጣህ፣ ዝም ብትል ተኮፈስክ። እትዬ ፊትህን ያዩና «አብሽር» ይላሉ፣ ሻዩን ጀባ ይሉሃል፣ በቃ።

ጥግ ላይ ፊቱ ወደ በሩ የሆነ አግዳሚ አለ። ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ የኛ ልጆች ግን ሁሌ የሚሻሙት እሱን ነው። ጀርባ ለበር ሰጥቶ መብላት አይሆንልንም። ባለቤቴ «ሰርግ ቤት እንኳ በር በር ታያለህ» ትለኛለች። ቤት ስገባም ለልጆቹ የማወራው በምርመራ ድምፅ ነው አሉ። ቀን ልተኛ ብል ጎረቤት በር ያንኳኳል፣ «ሳጅን አለ?» የአጥር ነገር፣ የበግ ነገር። ፈረቃዬን ጨርሻለሁ ቢባል ማን ይሰማል፣ ለሰፈሩ እኔ ጣቢያው ነኝ። ለዚህ ነው ከስራ ወጥቶ ወደ ቤት በቀጥታ መሄድ የማይመከረው። መሀል ላይ ትንሽ ተቀምጦ ፊትን ማስተካከል ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ መጠጥ ቤት የሚመርጡ አሉ፤ የሚያመጣውን እያየን ነው። ሻይ ይሻላል።

አሁን ጉድለቶቿን ልንገራችሁ፣ ማወደስ ብቻ ከሆነ እኔም ተጋብዤ የጻፍኩ ይመስላል። መግቢያው ላይ ያለው ደረጃ ድንጋዩ የተነቃነቀ ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃው ተጨምሮ አደገኛ ነው። ከሰሉ ውስጥ ስለሚቀጣጠል ጠዋት ላይ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ በሩን ከፍታችሁ ብትቀመጡ ደግሞ ብርዱ። በርጩማዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ወገብ ላይ ቀበቶና ትጥቅ ላለው ሰው መቀመጡም መነሳቱም ስቃይ ነው። ቴሌቪዥኑ ዜና ላይ ተከፍቶ ይውላል፣ እኔ ስለ ጸጥታ የሰማሁት ይበቃኛል፣ እባካችሁ ድራማ አድርጉልን። መጸዳጃ ቤቱ ከጓሮ ነው፣ ንጹሕ ነው ግን መቀርቀሪያው አይሰራም። የቆምንበት ቦታ ሁሉ መጸዳጃ ስለማይገኝ ሴት አባላት ግዳጅ ላይ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉበት ጊዜ አለ፤ እዚህ ሲመጡ እንኳ አንዷ ገብታ ሌላዋ በር መያዝ የለባትም። እትዬ፣ አንድ መቀርቀሪያ ነው።

አስተናጋጇ ልጅ ጎበዝ ናት ግን ብቻዋን ናት። ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት፣ ወደ ጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ፣ የሚገባውና የሚወጣው አንድ ላይ ስለሚደርስ አትሞክሩት። ቀደም በሉ፣ ወይም 3 ሰዓት ይለፍ። ረመዳን ላይ ቀን ዝግ ናት፣ አፍጥር ላይ ግን ሾርባና ሳምቡሳ አለ፣ ተምሩንም ክርስቲያን ሙስሊም ሳይባል ለገባው ሁሉ ያዞሩታል። የማናስከፍለው ብቸኛው ነገር እሱ ነው ይላሉ፣ እሱም ለሁሉም ስለሆነ ነው። ቴሌብር ይቀበላሉ። ጠዋት ላይ ዝርዝር ስለማይኖር ድፍን 200 ብር ይዛችሁ አትምጡ፣ መልስ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ልጅቷ ስትዞር ሻያችሁ ይበርዳል።

ነጥብ ስጡ ከተባለ ከአምስት አራት፣ የቀረውን አንድ መቀርቀሪያውና ደረጃው ተካፍለውታል። ሲቪሎችም ትመጣላችሁ፣ ኑ፣ ቤቷ የኛ ብቻ አይደለችም። አንድ ልመና ግን አለኝ። ዩኒፎርም ያያችሁ ጊዜ ወንበር ስባችሁ «ሳጅን፣ አንዲት ነገር ልጠይቅህ» እያላችሁ ክስ አትጀምሩ። ጣቢያው ቅርብ ነው፣ ተረኛ አለ፣ ቃላችሁን እዚያ ይቀበላችኋል። እኔ ፉሌን ልጨርስ።