ሱሉልታ መንገድ ላይ ያለው እንጨት ቤት፦ ፍልጡ ይገዛል፣ በቅጠሉ ግን አልተስማማንም

እንጀራ ጋግሬ ስለማስረክብ ማገዶ ለኔ ቀልድ አይደለም። መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ እንጨት ነው የምሮጠው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምገዛበት ቤት እንዴት ነው እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ይኸው። ታፔላ የለውም። ከቁልሉ ኋላ የራሱ ባሕር ዛፍ ያለው ቤት ነው።

ፍልጡ ደረቅ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። አሁን የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግማሽ ክብደቱ ገደማ ውሃ ነው፤ ውሃውን በእንጨት ዋጋ ትገዙና እሱኑ ለማድረቅ ሌላ እንጨት ትማግዳላችሁ፣ ጭሱ ደግሞ ምርቃት። ሁለት ፍልጥ አጋጩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፣ ከታፈነ ተዉት። እዚህ ብታጋጩ የሚቆጣ የለም። ሌላ ቦታ ሳጋጭ «ሐብሐብ መሰለሽ እንዴ?» ተብያለሁ።

ደንበኛ ያደረገኝ ግን አቆራረጣቸው ነው። ባሕር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት ቶሎ ስለሚያድግ ብቻ ሳይሆን ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥም ነው። ጉቶው ከተበላሸ ግን ነገሩ አበቃ። ባለቤቱ፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ ግንዱን ወደ መሬት ጠጋ አድርገው፣ ውሃ እንዳይቋጥር ትንሽ አዘንብለው፣ ልጣጩ እንዳይገሸለጥ ተጠንቅቀው ያስቆርጣሉ። ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ጠንካራ ጠንካራውን ሁለት ሦስት ይተዉና የቀረው ለጭራሮ ይሸጣል። ማሳውንም በአንዴ አይጨርሱትም፣ በየተራ ነው።

ይሄ ሁሉም የሚወደው አሠራር እንዳይመስላችሁ። ጋሼ ዋናው ሐሳባቸው አጣና ነው፤ ቀጥ ያለ የግንባታ እንጨት ከማገዶ የተሻለ ያወጣል፣ ስለዚህ እስኪወፍር መጠበቅ ይሻላቸዋል። ደላላው በየተራ መቁረጥ የሚባል ነገር አይገባውም፣ ጠራርጎ አይሱዙ ላይ መጫን ነው የሚፈልገው። እኔ ደግሞ ደቃቅ ፍልጥና ቅጠል ነው የምፈልገው፣ ምጣዱን ቶሎ የሚያግልልኝ እሱ ነው። ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ ሸክም አዝለው ዳገት ቁልቁለቱን ወደ ከተማ የሚወርዱት እናቶች ደግሞ ምርጫም የላቸው። የወደቀውን መልቀም ከተከለከሉ የልጆቻቸው እራት ነው የሚቀረው።

ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። ቅጠሉ ተጠርጎ፣ በማዳበሪያ ታጭቆ ይሸጣል። እናቶቹ የሚያገኙት ትርፍራፊውን ነው። መሬቱም ራቁቱን ይቀራል፤ ባሕር ዛፍ ሥር ድሮም ሣር እንደልብ አይበቅልም፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። ዛፉ ከመሬት የሚወስደው ምግብ ደግሞ፣ ኪሎ በኪሎ ሲተያይ፣ ከግንዱ ይልቅ ቅጠሉ ላይ ይበዛል። «ጋሼ፣ ለመሬቱም ይተዉለት እንጂ» ብላቸው «አንቺስ ትገዢኝ የለ?» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ እገዛለሁ። ቢሆንም ዳገቱ ላይ ያለውን ይተዉ፣ ከሜዳው ላይ ለእናቶቹም ለኛም ይበቃል ብያቸዋለሁ። ሳቁ። የሚያደርጉት አይመስለኝም።

ሌላው ችግር ሸክሙ ነው። አንድ ሸክም የሚባለው አንዳንዴ ይወፍራል፣ አንዳንዴ ይሳሳል፣ በተለይ ጋሼ ሳይኖሩ ልጁ ሲሸጥ። ከመክፈላችሁ በፊት ፍቱልኝ በሉ፣ መሐሉ ላይ ጠማማ ተሸጉጦ ይገኛል።

ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ የእንጀራ ምድጃ ካላችሁ ወፍራሙን አትግዙ፣ ደቃቁን ነው የሚፈልገው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፣ ስለዚህ ብዙም አትሸከሙ። ዋጋው ከሌሎቹ ትንሽ ወደድ ይላል፤ በደረቅነቱ ግን ይካካሳል። ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የወሰዳት ቅጠሉ ነው። ሰኔ ሳይገባ ግዙ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ባለጋሪው የሚጠራውን ዋጋ አትችሉትም።