የክረምት እሑድ በፒያሳው ዲኤስቲቪ ቤት

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ይህ ዲኤስቲቪ ቤት የአውሮፓ ሊጎች በሚያርፉበት የክረምት ወቅት ቀደም ሲል የተካሄዱ የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድሮችን ከመነሻ እስከ መድረሻ ያሳያል። ባለፈው እሑድ የቀረበው መስከረም 4 ቀን 2001 ዓ.ም. በጣሊያን ሞንዛ የተካሄደው ውድድር ነበር።

ያን ውድድር በቅንጭብ ብቻ የሚያውቅ ሰው የ21 ዓመቱ ሴባስቲያን ቬትል ዝናቡ በሰጠው ዕድል ያሸነፈ ሊመስለው ይችላል፤ ሙሉውን ለተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቬትል በቶሮ ሮሶ ቡድን መኪና አንደኛ ሆኖ መነሳትን ያገኘው ቅዳሜ ዕለት በዝናብ በተደረገው ማጣሪያ ሲሆን፣ የዓመቱን ሻምፒዮንነት ያሳድድ የነበረው ሉዊስ ሃሚልተን በዚያው ማጣሪያ 15ኛ ወጥቷል። እሑድም መንገዱ ርሶ ስለነበር ውድድሩ ከሴፍቲ ካር (ለደኅንነት ሲባል ከፊት እየመራ ፍጥነት ከሚገታው መኪና) ኋላ ተጀመረ፤ ተከታዮቹ ከፊታቸው ያሉት ጎማዎች በሚረጩት ውኃ ታውረው ሲቸገሩ፣ መሪው ቬትል ከፊቱ የሚጋርደው ነገር ስላልነበረ ልዩነቱን እያሰፋ ሄደ። 53ቱን ዙር ሲጨርስ የማክላረኑን ሄይኪ ኮቫላይነንን በ12 ሰከንድ ተኩል ገደማ ቀድሞት ነበር። ሚናርዲ ይባል በነበረበት ዘመን አንድም ጊዜ አሸንፎ የማያውቀው ቶሮ ሮሶ የመጀመሪያ ድሉን አገኘ፤ ያውም የአንድ ባለቤት ከሆነው ታላቅ ወንድሙ፣ ከሬድ ቡል ቡድን ቀድሞ።

የቤቱ ትልቁ ሀብት ባለቤቱ ናቸው። መንገዱ መድረቅ ሲጀምር ምስሉን አቁመው መኪኖቹ የሚመላለሱበትን የጠራ መስመር በጣታቸው አሳዩን። አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ታዲያ የዝናቡን ጎማ ለምን ይቀይሩታል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ቦዩ ጥልቅ የሆነው ጎማ ውኃ ካላገኘ ይግላል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ስለዚህ ቦዩ አነስ ያለውን ያስገባሉ» ብለው መለሱለት። እንዲህ ያለ ማብራሪያ በሌላ ማሳያ ቤት አላገኘሁም።

ቡናው ጥሩ ነው፣ አስተናጋጆቹም ትሑት ናቸው። ቅሬታዬ በድምፁ ላይ ነው። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በመሆኑ፣ የጎንደር ዝናብ ሲወርድበት ከኋላ አግዳሚ ለተቀመጠ ሰው የአስተላላፊው ቃል ፈጽሞ አይሰማም፤ ቬትል ሁለተኛ ጊዜ ጎማ ሲቀይር የተባለውን ብዙዎቻችን ሳንሰማ አልፏል። ከኋላ በኩል አንድ ስፒከር ቢጨመር ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። እስከዚያው ድረስ ቀደም ብሎ ደርሶ ከፊተኞቹ አግዳሚዎች በአንዱ ላይ መቀመጥ ይሻላል።